የማይረጋ ወተት

ሰሜን ሆካይዶ ነው። ደጁ ሙሉ በረዶ።
መዝገቧን ዘርግታ አምሽታለች ኩዶ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የማኅበሩን ወተት
በሊትር ተቀብላ በየን የመነዘረች ሴት።

ኮረብታው ላይ ነፋስ መዘውር ያዞራል፤
አገር እንቅልፍ ሲወስደው እሱ ሲሠራ ያድራል።
የሌሊቱ መብራት ግን ገዢ አጥቶ ይፈሳል፤
«ማጠራቀሚያ ይገዛ» ሲል ጉባኤው ወስኗል።

ሁለት ሻጭ መጣላት።
አንደኛው ሊቲየም፦ ቀላል፣ ፈጣን፣ ርካሽ፤
«ከአሥራ ሁለት ዓመት ወዲያስ?» ስትለው አጣ ምላሽ።
የሁለተኛው ጋን ነው፣ ቤት የሚያክል ቁመቱ፤
መነጽሯን አወለቀች ስትሰማ በስንቱ።
ውስጡ ቫናዲየም ነው፣ አሲድ ያሟሟው ማዕድን።
ሲሞሉ አንዱ ሐምራዊ፣ ጓደኛው ቢጫ ነው፤
ሲጎድሉ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ መልካቸው፤
ቀለሙ ይመላለሳል እንጂ ፈሳሹ አያረጅም፤
እንደ ወተት አይረጋም፣ እንደ ላም አይነጥፍም።

የእንጨት መቁጠሪያዋን ሳበች፤ ጠጠሩ ተንጫጫ።
ፓምፑም ቀለብ አለው፤ ከመቶው ሠላሳ በመንገድ ይቀራል፤
በአሥራ አምስተኛው ዓመት ስስ ሽፋኑ ይቀየራል።
ሁሉን ደመረች፤
ለሌሊቶቹ አካፈለች፤
ውዱ እየረከሰ መጣ፤ ቀና አለች።
በመጨረሻው ዓመት ላይም ያ ፈሳሽ አለ፣
እንደገባ የሚወጣ፣ ለሌላ የሚሸጥ።

ባንኩ ግን ሩቁን ዓመት እንደ ጨው ይልሰዋል፤
የዛሬ ሠላሳ ዓመት የሚገባን መቶ የን
ዛሬ ላይ ሠላሳ ያደርገዋል።
ወለዱንስ ታውቃለች፤
ያልተወለደውን በስንት ታስላው?
እሷ ራሷ ያኔ ዘጠና አራት ዓመቷ ነው።

ከግድግዳው ወዲያ አሮጌው የወተት ማቀዝቀዣ ያጓራል፤
ኦዳጊሪ የሚባል፣ ከእሷ በፊት የነበረ ሒሳብ ያዥ፣
አባላቱ እየጮኹበት ያስገዛው።
ስድቡ በቃለ ጉባኤው እስካሁን ይነበባል፦
«ገንዘባችንን በማይዝግ ብረት ቀበረው።»
ዛሬ ጠዋትም አራት ሺህ ሊትር አቀዘቀዘ።
ኦዳጊሪን ይቅርታ የጠየቀው የለም።

ሐሙስ ስብሰባ ነው። ሊቀ መንበሩ
«አንድ ቁጥር ብቻ፣ አጭር» ብሏታል።
ሁለት ገጽ ጻፈች።
በመጨረሻው መስመር፦ «ፈሳሹ የተሸጠበት ዋጋ»፤
ከጎኑ፦ «ተረካቢ»፤
እሱን ክፍት ተወችው፣ ስም የሚያክል ቦታ።
ብዕሯን ከደነች።
ነፋሱ ሥራ ላይ ነው፣ ዛሬም እንደ ማታ።