የሲዶር ልጓም

ዳኑብ ለባሕሩ እጁን በሚሰጥበት፣ ከሸንበቆው መንደር፣
የኅብረት እርሻው ጸሐፊ ነበርኩ፣ ፈረስ ቆጥሬ የማሳድር፤
ባዝራውን በቀይ፣ ድንጉላውን በሰማያዊ፣ በመስመር በመስመር።

ሲዶር ነበር ባልደራሱ፤ ሁለት ጣቱ የጎደለ፣
ከሰው ጋራ የማይበላ፣ ለፈረስ ግን የሚያወራ፣ «ዞሪያ፣ ነይ» እያለ።
ዞሪያ፣ ጎህ ማለት ነው በእኛ፤ ግንባሯ ቦቃ፣ መልኳ ዳማ፣
ሳሉን ከሰማች ጆሮዋን የምታቆም፣ ከማዶ ሜዳ፣ በጨለማ።

መንግሥት ወደቀ አሉን፤ በሬዲዮ ነው የሰማነው።
ገለባው ባለቤት አጣ፤ ፈረሱም እንደዚያው ነው።
«ልቀቁ» የሚል ወረቀት ከከተማ መጣና
ፈረምኩበት፤ ማኅተሙ ያለው እኔ ጋ ነበርና።

ሲዶር በሩን ከፈተ። አንድም አልሮጠም፤
ፈረስ የተከፈተ በር፣ ጌታው ቆሞ እያየ፣ አያምንም።
እስከ እኩለ ቀን ቆሙ፣ ዝንብ በጭራ እያባረሩ፤
ማታ ግን አንድ በአንድ አሸዋውን ተሻግረው ጫካ ገቡ፤ ቀሩ።
የመጨረሻዋ ዞሪያ ናት። ልጓሟን አወለቀላት፣
«ሂጂ» አላት፤ ቆይቶ ደግሞ
«ነይ» አላት።

ሠላሳ ዓመት አለፈ። ዘራቸው በጫካው በዛ፤
ስም የለ፣ ቁጥር የለ፤ የሚወለደው በጤዛ፣ የሚሞተውም በጤዛ።
ቱሪስት በጀልባ ይመጣል፤ «የዱር ፈረስ!» ብሎ ፎቶ ያነሳል።
«የዱር? አያቱ የወተት ጋሪዬን ስትጎትት ኖራ!» ሲዶር ይስቃል።

ዘንድሮ ብርዱ ከፋ፤ ወንዙ እንደ መስተዋት ደረቀ፣
የዛፉ ልጥ ተላጠ፣ የውርንጭላው ጎድን ከሩቅ ታወቀ።
ሁለት ሽማግሌዎች፣ በበረዶ ሸርታቴ ድርቆሽ ጫንን፣
በረዶው ከሥራችን እያቃሰተ ከባሉጡ ጫካ ደረስን።

ከመንጋው አንዲት ወጣች። ዳማ። ግንባሯ ቦቃ።
ሲዶር ዝም አለ፤ ሳሉ እንኳ ተያዘ፤ በቃ።
ከካፖርቱ ውስጥ ልጓሙን አወጣ፤ ለካ ይዞት ነው የመጣው!
«ዞሪያ፣ ነይ» አለ፤ ድምፁ ከጉድጓድ እንደሚቀዳው።

ቀረበች። ብረቱን አሸተተች። አልበረገገች፤
ለመበርገግ ማወቅ ያሻል፤ እሷ ከየት ታውቃለች?
ጠፍሩን ላሰችው፣ ላሰችው፤ የድሮ ላብ ጨው አለበት፣
የቅድመ አያቷን አንገት፣ የሱን መዳፍ፣ እስኪነጣ ላሰችለት።
ጨዉ ሲያልቅ
ድርቆሽ ነክሳ ዞረች።
ሄደች።

ስንመለስ አላወራንም። «ይቅርታ» ልል አፌ ላይ ነበር፣
ስለዚያ ፊርማ፤ እሱ ግን ስለ መረብ ጠየቀኝ፣ ስለ ገመድ፣ ስለ ክር።

በረዶው ሲቀልጥ አየሁት፤ መቅዘፊያው ላልቶበት
የልጓሙን ጠፍር ቆርጦ ነው ያሰረበት።
ብረቱን የት እንዳደረሰው አላውቅም፤ አልጠየቅኩም።
እኔም ከመዝገቡ «ቀሪ፦ ምንም» የሚለውን
አልሰረዝኩም።