ሁለተኛ ደረጃ

ኮምቦልቻ፣ ፋብሪካ፣ ከመብራቱ በታች፣
አሥራ አንድ ዓመት ዓይኔ ቀለም ስትለይ ኖረች።
ናሙናው በግራዬ፣ ጥቅሉ በቀኝ እጄ፣
ጎትቼ፣ አስተያይቼ፣ ወደ ብርሃን ወስጄ፣
ሰማያዊው የጥፍር ታህል ደብዘዝ ካለ፣
ጥቁሩ ከጥቁሩ ጋር ካልተመሳሰለ፣
ማህተሜን አነሳለሁ። ጧ።
«ሁለተኛ ደረጃ።»
ጨርቁ ምን በደለ? አልተተረተረ፣ አልሳሳ፣ ይለበሳል፤
ከናሙናው ስላልገጠመ ብቻ ዋጋው ይቀንሳል።

ማሬክን ያወቅሁት እዚያው ነው፤ የመጣ ከፖላንድ፣
አዲሱን መሸመኛ ሊተክል፣ ሊያስለምድ።
«ትርንጎ» ማለት አቅቶት «ቲሪንጋ» እያለ፣
በስምንተኛው ወር ሦስት ሽማግሌ ይዞ ደጃችን ዋለ።
«አገሩ ብርድ ነው» አለ አባቴ፣ ጢሙን እየዳሰሰ፤
ብርዱን ብቻ አነሳ፤ ሌላውን ወደ ሆዱ መለሰ።

አሁን ቪዛው ወጥቷል።
ማታ ማታ ሐረጎን ስንወጣ፣ ጉሙ መስኮቱን ሲልስ፣
ሐሳቤ እንደ መንገዱ ይጠማዘዛል፤ ሄድኩ ስል ስመለስ፦
እናቱ ከጨበጠችኝ ወዲያ እጇን ትታጠብ ይሆን?
ትራም ላይ ከጎኔ ያለው ወንበር ብቻ ባዶ ይቀር ይሆን?
ቤት ፍለጋ ስደውል፣ አነጋገሬን ሰምተው፣
«ተይዟል» ይሉኝ ይሆን፣ ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ ዘግተው?
ማሬክስ? ያይ ይሆን? ወይስ ትከሻውን ሰብቆ
«ቀልዳቸው ነው እኮ» ይለኝ ይሆን፣ አብሮ ስቆ?
«ታድለሽ!» ትላለች ከጎኔ ያለችው፣ ቀለበቴን አይታ፤
ረዳቱ «ሂሳብ» ይላል። እከፍላለሁ በዝምታ።

ትናንት ሰፈሬ ስወርድ፣ ቧንቧ ውሃ፣ አሪየት ትዝ አለችኝ።

ሰባት ዓመቴ ነበር። ውሃ ከጠፋ አራተኛ ቀን፣
ቢጫው ጀሪካን ሰልፍ ይዟል፣ ሰዉ በጀሪካኑ ጎን።
ሾፌሩ እንድሪስ ከጋምቤላ አግብቶ ያመጣት ሙሽራ፣
ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ ጀሪካኗን አኑራ ቆመች በተራ።
አንዷ ሴት የአሪየትን ጀሪካን በእግሯ ገፋ አደረገች፤
ሌላዋ አንድ ቃል ወረወረች። ቃሉን አልጽፈውም።
እኔ፣ ይኸው እኔ፣ ተጠግቼ
ክንዷን በጣቴ ፈተግሁት፤
ቀለሙ ለቅቆ እንደሁ፣ ጣቴን ወደ ፀሐይ አንስቼ አየሁት።
ሴቶቹ ሳቁ። እናቴም ሳቀች።
አሪየት ክንዷን አልሰበሰበችም፤
ዝም ብላ ውሃው የሚመጣበትን ቧንቧ አየች።

ቤቴ ሳልገባ ሆጤ ሄድኩ። እንድሪስ ሞቷል፤
እሷ የእድር ገንዘብ ያዥ ናት፤ ደረሰኝ ጠረጴዛዋን ሞልቶታል።
«ላገባ ነው፣ ሩቅ አገር» አልኳት።
«አብሽሪ!» አለች፣ የወሎ ለዛ ከኔ ይልቅ አምሮባት።
«ሃያ ስድስት ዓመቴ፤ ሰኞ ገበያ ዛሬም ‹ከየት ነሽ?› ይሉኛል።
‹ከሆጤ› እላለሁ። ‹አይ፣ ከመነሻሽ?› ሲሉ፣
ሽንኩርቴን አንስቼ እሄዳለሁ፤ ይበቃኛል።
እንድሪስ አይሰማም ነበር። እሱ ብቅ ሲል ሁሉም ዝም፤
እሱ ነበር የከበደኝ፤ ስድቡስ ግድ የለም።
አንቺ ንገሪው ባልሽን። ግን በየቀኑ አይደለም፤
ቤት ችሎት ሲሆን እራት አይጥምም።»

ልወጣ ስል፣ በሩን ይዤ፦
«ያቺን ልጅ፣ የውሃ ሰልፉን... ታስታውሻት ይሆን?» አልኩ።
ጣቴን አየች። ወይም መሰለኝ።
«ብዙ ልጆች ነበሩ» አለችኝ።

ዛሬ ጥቅሉን ጎተትኩ። ሰማያዊ፣ ትንሽ የደበዘዘ።
ማህተሙን እንደያዘ እጄ አየር ላይ ፈዘዘ።
መታሁ ግን። ሥራ ነው።
ቀለሙ አመልካች ጣቴን ነካው።
በሳሙና አሸሁት፣ በድንጋይ ፈተግሁት፤
ሐረጎን ወጥተን ስንጨርስ፣ በሚኒባሱ መብራት አየሁት።
አልለቀቀም።