ሦስት እግር

ቆጪ ላይ ዝናብ ነው፤ ቆርቆሮው ያጓራል፤
ላፕቶፔ ጭኔ ላይ አተኩሶ ያድራል።
አንድ በርጩማ ነው የያዝሁት ሰሞኑን፣
በቁጥር ልቀርጸው፣ ነጥብ በነጥብ ጎኑን።
ነጥብ ሦስት ቁጥር ነው፦ ወርድ፣ ቁመት፣ ጥልቀት፤
ከዚያ መስመር መሳብ፣ እንደ ጥልፍ ስፌት፤
ሦስቱን ሳያይዛቸው አንዲት ስንጥር ገጽ፤
ሺህ ስንጥር ሲገጥም የበርጩማ ቅርጽ።

መሣሪያው የኔ አይደል፤ ላይብረሪ ነው የሰው፣
ገመናውን ገልጦ ደጅ ያስቀመጠው፤
ስሙ ፋይሉ ራስ ላይ፣ መልኩ የትም የለ፣
«ውሰድ፣ ፍታ፣ ለውጥ፣ ለሌላም ስጥ» ያለ።

ብርሃን ስለቅበት በርጩማው ተነሣ፤
አንዱ እግሩ ላይ ግን ጥቁር፣ እንደ ጠባሳ።
ባዞረው ባዞረው አይለቅም፣ ያው ነው፤
ሦስት ሌሊት ፈጀሁ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው»
እያልሁ።
መብራት ሄደ።

ጠዋት ወደ ሄርማታ፣ አባ ቢያ ጋ ወረድሁ፤
ከዋንዛ ግንድ ጋር ሲታገል አገኘሁ።
ስክሪኑን አሳየሁት። መነጽሩን ጠረገ፤
እጁን ሰዶ ከኋላ ጀርባውን ፈለገ።
«ሆዱስ የታል?»
«ሆድ የለውም፣ አባ። ልጣጭ ነው፣ ከላይ ብቻ።»
ሳቀ። «እኔ ከግንድ ላይ እየቀነስሁ አገኘዋለሁ፤
አንቺ ከምንም ላይ እየጨመርሽ።»

ለምን ሦስት እግር እንደሆነ ጠየቅሁት።
«አራት እግር» አለኝ፣ «ከመሬት ይጣላል፤
ሦስት ግን የትም ጣይው፣ ከጉብታም ይማማላል።
ብቻ ሰልፍ አይያዙ! ሦስት እግር ባንድ መስመር
አጥር ነው እንጂ፣ ልጄ፣ መች ይሆናል ወንበር።»

ደንግጬ ቆምሁ።
እሱ ግን ወደ ሌላ ሄዷል፦ «ይሄን ዕቃ በስንት ገዛሽው?»
«በነፃ ነው። ሰጪዎቹን አላውቃቸውም።»
«ወንፈል ነዋ! ታዲያ አንቺ
የማንን ማሳ አርመሽ መለስሽ?»
መልስ አልነበረኝም።

ከሰዓት፣ ኪቶ፣ ጄነሬተሩ እያናፋ፣
የላይብረሪውን ሆድ ከፈትሁ።
አራት መቶ አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ፦
ሦስት ነጥቦች በሰልፍ፤ ስፋታቸው ባዶ፤
በባዶ ሲያካፍል ገጼን ጥሎት ማዶ።
«ስፋቱ ካነሰ እለፈው» ብዬ ጻፍሁ፤
አንዲት መስመር ብቻ። ከነምክንያቷ ላክሁ፦
ሦስት እግር በሰልፍ አጥር ነው፣
ይላሉ እኛ ዘንድ።

አሥራ አንድ ቀን ጠበቅሁ። አዌቱ ሞልቶ ጎደለ።
ከማላውቀው ሰው ቃል መጣ፣ «ተቀብለናል» ያለ።

ለአባ ቢያ ነገርሁት።
«አረምሽ?»
«አረምሁ።»
«ስንት መስመር?»
«አንድ።»
«ትንሽ ናት» አለና መጥረቢያውን አነሣ፤
በእግሩ ገፋ አርጎ አንድ በርጩማ ሰጠኝ፣
ገና ያልተወለወለ፣ ግራ እግሩ ላይ ዐይን ያለው።
ተቀመጥሁ።
ወለሉ ጎርበጥባጣ ነበር።