ባዶ መሬት

ሌሊት ነው የምሠራው፣ ጠባሴ ሲተኛ፣
ውርጩ በበር ስንጥቅ ገብቶ ሲሆነኝ ጓደኛ፤
ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ፣ አንዱ እዚሁ የተሠራ፣
ጣቴን በትንፋሼ አሙቄ እጀምራለሁ ሥራ።

አለቃዬን አላውቀውም፣ አያውቀኝም እሱም፤
አንድ አረንጓዴ ነጥብ ነው፣ ፊትም የለው ስምም።
ከሰማይ የተነሣ ምድር ይመጣል ስክሪኑ ላይ፣
ዳሩን በመስመር አጥሬ ስም መስጠት ነው፣ ሳልዘገይ፤
አንድን ስጫን ጣሪያ፣ ሁለትን ስጫን መንገድ፣
ሦስት ዛፍ፣ አራት ውሃ።
አምስት፣ ባዶ መሬት።
ለአንዱ ሥዕል አርባ ሰከንድ፣ ለአንዱ ሥዕል ሁለት ብር፤
መብራት ከጠፋ ግን፣ ያው፣ በድቅድቁ ማደር።

እንዲህ ሁለት ዓመት ኖሬ «ግብር ልክፈል» አልሁ፣
መዝገብ ላይ ልስፈር ብዬ ደብረ ብርሃን ማዘጋጃ ቤት ወጣሁ።
መስኮት አራት። ይፍቱሥራ።
ስሙ ይፍቱሥራ ነው እንጂ እጁ የሚያውቀው መቋጠር ነው።
«የሥራ ቦታ?»
«ቤቴ።»
«ቤቱ የማነው?»
«የወይዘሮ ጌጤነሽ፤ በጓሮ በኩል አንድ ክፍል ተከራይቼ።»
«ታፔላ?»
«የለኝም።»
«ቀጣሪህ የት ነው የሚገኘው?»
«እንጃ።»
ብዕሩን አስቀመጠ። ክፋት የለበትም፤ በእውነት አዘነልኝ።
«ወንድሜ፣ የሌለ ቦታ ላይ ያለ ሥራ
በየትኛው ኮድ ልመዝግብልህ?»

ከኋላዬ ቆዳ ጃኬት የለበሰ ሰው ነበር፣
የሴራሚክ ፋብሪካው ጉዳይ አስፈጻሚ።
ለማስፋፊያ ነው የመጣው፣ ዘጠኝ ሄክታር፣
አጥሩን ወደ ምሥራቅ ትንሽ ገፋ ለማድረግ።
እሱን ወደ ውስጥ አስገቡት።
ለእሱ የአንድ መስኮት አገልግሎት አለ፤
እኔን አራተኛው ላይ አቁመው አምስተኛውን ይጠቁሙኛል።

በመጋቢት አንድ ሌሊት አንድ ሥዕል መጣ።
አወቅሁት።
መጀመሪያ አውድማውን፣ ክብነቱን፤
ቀጥሎ የኩበቱን ክምር፤
ቀጥሎ ሰማያዊዋን ሸራ፣ ክረምት ላይ እኔው ራሴ
ድንጋይ ጭኜ ያሰርኋትን፣ ጣሪያዬን።
ከሸራዋ በታች እኔ ነኝ።
ከአውድማው ወዲያ የጌጤነሽ ማሳ፣
ገብሱ ታጭዶ፣ ቃርሚያው ተለቅሞ፣ ቡላማ ሆኖ፣
ዝናብ እስኪቀሰቅሰው የተኛ።

ጦም ያደረ አይደለም፣ ሠርቶ ነው ያረፈው፤
«ዐርፏል» የሚል ቁልፍ ግን ማንም አልጻፈው።

ሠላሳ ሰከንድ። ሠላሳ አምስት።
ሁለት ብር ነው።
ጫንሁት።

ያ ጣት የእኔ ብቻ ይሁን፣ ከመቶ ጣት አንዱ፣
ካርታው ከእኔ ሌሊት ይነሣ፣ ወይ ሌላ ይሁን መንገዱ፣
አላውቅም። ሰኔ ሲገባ ግን ደብዳቤ ደረሰ፤
ጌጤነሽ መነጽሯ ተሰብሮባት «አንብብልኝ» ብላ መጣች።
ቆሜ አነበብሁላት፣ የማህተሙን ዙሪያ ጽሑፍ ሳይቀር፦
«በይዞታው ላይ በተደረገው ማጣራት
ለካሳ የሚበቃ ቋሚ ሀብትም ሆነ ሰብል አልተገኘም።»

ዝም አለች። ክፍሌን ዞር ዞር ብላ አየች፣
ጠረጴዛውን፣ ገመዱን፣ ጎኔ ያለውን ሳህን።
«ታዲያ» አለች፣ «ማታ ማታ የምትቆረጥመው ቆሎ
የየት አገር ነው?»

አልተቆጣችም። ቅሬታ ልታስገባ ነገ እንድሸኛት ለመነችኝ፤
መስኮቶቹን አውቃቸዋለሁና።

ማታ ተቀመጥሁ። ነጥቡ አረንጓዴ ሆነ።
የፋብሪካው አዲስ ፓውዛ በስንጥቁ እየገባ
አምፖል አያሻኝም አሁን።
ከቁልፎቹ ሥር አንዲት ፍሬ ቆሎ ገብታለች፣ መቼ እንደሆነ እንጃ፤
አምስትን ስጫን
ቀጭ ትላለች።