ሰባተኛው መስኮት

ዓሣ ይታሸግበት በነበረው ቤት፣
ከላይኛው ፎቅ ላይ፣ በሳሬማ ደሴት፣
ሦስት ሆነን ቆምን። ኅዳር ነው፤ ይዘንባል፤
ግድግዳው እስካሁን ሄሪንግ ሄሪንግ ይላል።
“ሙከራ ነው” አለች ታይሚ፣ “አትደንግጡ፤
ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ነው፤ ቢቆጡ
ስንቱ ይቆጣናል?”
ካይዶ ግን ከንፈሩን ይነክሳል፣ ይለቃል።
ቁልፉን ተጫነና ዐይኑን ጨፈነ፤
ስርጭታችን ሀ ሲል ነገሩ እንዲህ ሆነ፦

መጀመሪያ መጣች ያቺ ክብ ነገር፣
ጅራቷን ፍለጋ እንደ ቡችላ ስትዞር።
ዞረች፣ ዞረች፣ ዞረች።
ዜና አንባቢዋ ከዚያ አፏን ከፈተች፤
ድምጿ ግን ከከንፈሯ ሦስት ቃል ዘግይቶ
ገባ፣ እንዳረፈደ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ።

አንዱ ደወለልን፦ “ሥዕል አለ፣ ድምፅ የለም።”
ሌላው፦ “ድምፁ ደኅና ነው፤ ሥዕል ግን አላይም።”
“አንድ ሳሎን ቢቀመጡ” አለ ካይዶ፣ ሳቅ ይዞት፣
“ሙሉ ቴሌቪዥን በሆነላቸው ለሁለት።”

ሰባተኛው ጣቢያ ጣቢያ አይባልም፤
ፊልም የለው፣ ዜና የለው፣ አቅራቢ የለውም።
ዝርዝሩ እንዳይጎድል፣ ባዶ እንዳይታይ፣
ካሜራ ሰቀልን ከወደቡ ጣራ ላይ፦
ውኃ፣ ጥቂት ጀልባ፣ የመብራት ምሰሶ፣
አንዳንዴም የባሕር ወፍ፣ ሌንሱን በኩሱ ለውሶ።

ሌሊት ቁጥሩን ሳየው ስድስቱ ጣቢያ ጭር፤
በሰባተኛው ላይ ግን አንድ፣ ብቸኛ ቁጥር።
እስኪነጋ አንድ፤ በማግሥቱም አንድ፤
አሥራ አንድ ሌሊት ሙሉ ከዚያ የማይሄድ።
“ሮቦት ነው” አለች ታይሚ። “ስሕተት ነው” አለ ካይዶ፤
“ሰው እንዴት ውኃ ያያል ሌሊቱን ማግዶ?”

አድራሻው ከወደቡ ጀርባ ነው፣ ቁጥር ዘጠኝ፤
ደወልኩ። ገና ሳልናገር የአሮጊት ድምፅ ቀደመኝ።
ሄልዩ ይባላሉ። “ክፍያ ጀመረ?” አሉኝ፤
“ሙከራ ነው ብላችሁ ነበር ስታስገቡኝ።”
“አልጀመረም፤ ግን ጣቢያው ባዶ ነው፤
ምኑን እያዩ ነው?”

ዝም አሉ። የግድግዳ ሰዓት ሲቆጥር ይሰማል።
“ከፊቴ” አሉ በኋላ፣ “ሆቴል ተሠርቷል፤
አምስት ፎቅ። ለከተማው ጥሩ ነው አሉ፤
ይሁን፣ እንግዶችም ይብሉ፣ ይጠጡ፣ ይደሩ፣ ይዋሉ።
የእኔ መስኮት ግን አሁን የሚያየው የሰው መጋረጃ ነው።
ሃምሳ ሁለት ዓመት ከዚህ ወንበር ላይ
ወደቡን ሳይ ኖሬ፣ ኤንደል ሲወጣ ሲገባ ሳይ፤
የእኔው ሲዘጋብኝ የእናንተ መስኮት ተከፈተ።”
“ባለቤትዎን... ባሕሩ...” አልኩ፤ ቃሌ ጎረበጠ፣ ከተተ።
ሳቁ። “ኤንደልን? ማን ሊወስደው ደፍሮ!
ወዲያ ክፍል ያንኮራፋል ከእራት ጀምሮ።
እኔ ግን ሳላየው ውኃው መኖሩን አላምንም፤
ልማድ ነው፤ ሌላ ምንም።
ይልቅ የቀይዋ ጀልባ ገመድ ሳስቷል፤
ለባለቤቷ ንገሩት፤ ነፋስ ይመጣል።”

ነገርነው። ሳያምን ሄደ።
ሁለት ክር ብቻ ነበር የቀረው፤
ሰደበን፣ አመሰገነን፣ በአዲስ አሰረው።
ማታ ነፋስ መጣ፤ የመጋዘን ቆርቆሮ ወሰደ፣
ቀይዋን ግን አንዴ ነቅንቆ ሄደ።

በጥር ሙከራው አልቆ ኬክ ተቆረሰ፤
ከታሊን የመጣው ኃላፊ አፉን በሶፍት አበሰ፤
“ሰባተኛው” አለ፣ “ይዘት የለውም፤ ይሰረዝ፤
ለአንድ ተመልካች ብለን መስመር አንያዝ።”
“እሺ” አልን በአንድ አፍ።
ታይሚ ሻይ ልታመጣ ወጣች፤
ካይዶ ያልተፈታ የጫማ ክር ሊያስር ጎነበሰ፤
እኔ የይለፍ ቃሉን ረሳሁ።
እስካሁን አልመጣልኝም።

ትናንት ሌሊት ቁጥሩን ባየው፣ ሦስት።
አንዷ ሄልዩ ናቸው፤ አንዱ እኔ ነኝ።
ሦስተኛውን ፈለግሁት፦
ታሊን፤ የኃላፊው ቤት።