ቁጥር አሥራ ሰባት

ሠላሳ አንድ መስታወት በልኩ ቆረጥሁ፣
ከዚራ፣ ከአሮጌው የባቡር መጋዘን ደጅ፣ ከኒሙ ጥላ ሥር ተቀመጥሁ፤
አንዱ ብቻ፣ የመጨረሻው፣
በላብ እጄ ሙልጭ ብሎ
ሲሚንቶው ላይ ተበተነ እንደ ጨው።

«ግድ የለም፣ ነገ ይገባለታል» አለች ትርሲት፣
ፎቶ አንሺዋ፣ ሐሩር ከንፈሯን የሰነጠቀባት፤
በኤረር ማዶ፣ በአይሻ ሜዳ ሁለት ወር ተንከራትታ
ይዛ መጣች ሠላሳ አንድ ዝምታ።

የጅቡቲ ስኳርና ጨርቅ ይደገፈው የነበረ ግድግዳ
አሸዋ ተሰቀለበት፤ የነፋስ ጣት ያሰመረው፣
የጨው ሜዳ፣ የደረቀ ወንዝ፣
አንዱ ላይ ጥላ ብቻ፣ ባለቤቱን ማን ሊያውቀው።
እንግዳው «እንዴት ያምራል!» ይላል፣
ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለቅሶ ቤት የገባ ይመስል።
እኔ ሥዕል ማየት አልችልም፣ ሙያ ክፉ ነው፤
ዓይኔ የሚያርፈው መስታወቱ ላይ ነው።
እዚያ የባጃጅ ሹፌሩ ግንባር በጨው ሜዳው ይንሳፈፋል፣
የሳቢያኗ ልጅ ቢጫ ሻሽ አሸዋውን ያነደዋል፣
ሰው የለበትም የተባለ አገር
ሰው በሰው ሆኗል።
አሥራ ሰባት ብቻ ማንንም አያሳይም፤
ራቁቱን ተሰቅሏል።

ዘጠኝ ሰዓት ግድም ሮዳ ዋበሪ ገባች፣
የግመል ወተቷን ቀፊራ ሸጣ፣ ባዶ ጄሪካኗን አንጠልጥላ፤
ሥዕል ፍለጋ አይደለም፣ ጥላ።
አሥራ ሰባት ፊት ቆመች። ቆየች።
«ከግርጌው ምን ይላል ጽሕፈቱ?» አለችኝ በሶማልኛ።
«ባዶ ይላል» አልኋት።
የወርቅ ጥርሷ ብልጭ እስኪል ሳቀች።

«የቱ ነው ባዶው? ይህች ሦስት ድንጋይ የኔ ጉልቻ ናት፤
ጥላ መስሏችሁ ነው እንጂ ጥቀርሻ ነው ይሄ፣
የተዳርኩ ሰሞን ያጠቆርኳት።
እዚች ግራር ሥር ግመላችን ወልዳለች።
አማቴ በዚህ ብቅ ብላ ትሰድበኝ ነበር፣
ነፋስ እየወሰደው
ግማሹን ብቻ ነው የሰማሁት።»

«ውሃስ?» አልኋት። «ያለ ውሃ?»
በእግሯ ወለሉን መታች፣ መጋዘኑ አስተጋባ፦
«እዚህ! ይህን ያነሳው ሰው የቆመው ከጉድጓዱ አፋፍ ነው፣
ጀርባውን ለውሃው ሰጥቶ።
ዞር ቢል ኖሮ...» ብላ ተወችው።

ትርሲት መጣች። «ምን አለች?»
እኔ መስታወት ቆራጭ ነኝ፣ አስተርጓሚ አይደለሁም፤
ድንጋዩን ነገርኋት፣ ግራሩን ነገርኋት፣ ስድቡን እንኳ አልተውሁም፤
ውሃው ላይ ስደርስ ምራቄን ዋጥሁ።
ከዚያ እሱንም ነገርኋት።
ምንም አላለች።
ቀስ ብላ ዞረች፣ እዚያው በቆመችበት፣
አሁንም የሚደርስ ይመስል፤
ከኋላዋ የዛገ የዕቃ ሚዛን፣ ክፍት በር፣
ከበሩ ማዶ ደቻቱ፣ አሸዋውን ታቅፎ የተኛ።

ማታ መስታወቱን ይዤ ተመለስሁ።
ጉልቻው ላይ የሮዳ ጣት አሻራ ቀርቷል፣
ወተትና አቧራ።
ጨርቄን አራስሁ፣
ይዤው ቆምሁ፣
መልሼ ኪሴ ከተትሁት፤
መስታወቱን በአሻራው ላይ ገጠምሁት።

ከዚያ ወዲህ አሥራ ሰባት ፊት ሰው በቆመ ቁጥር
ፊቱን አላይም፣ እግሩን ነው፤
አንዳንዴም ልቤ ይሰጋል፣
አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ፈቀቅ ካለ
ይሰምጣል።