የማኅተሙ ቀለም

ሃያ ሁለት ዓመት ማኅተም ስመታ
ኮምቦልቻ ጉምሩክ፣ ከጧት እስከ ማታ፣
ያውራ ጣቴ ሐምራዊ፣ ያ የቀለም ነገር፣
ዐርብ በሎሚ ባሸው፣ ሰኞ ይመለስ ነበር።
የሰው ዕቃ ገባ፣ የሰው ዕቃ ወጣ፤
እኔ እዚያው ወንበር ላይ፤ ሽበት ብቻ መጣ።

አንድ ማክሰኞ ዕለት
ከጅቡቲ የመጣ ዘቢብ ሲፈተሽ
ካርቶኑ ተቀዶ
አንዲት ፍሬ ወድቃ አየሁ ጫማዬ ሥር።
ግራ ቀኝ ቃኘሁና
አፌ ውስጥ ጣልኳት።
በሃያ ሁለት ዓመት ሳትመዘገብ ያለፈች፣
ቀረጥ ያልከፈለች፣
እሷ ብቻ ነበረች።
ሦስት ሌሊት ያህል ምላሴ ላይ አደረች።

"ሥራ ለቀቅኩ" ስላት ሰዓዳ ዝም አለች፤
ሽንኩርት ትከትፍ ነበር፤ ቢላውን አኖረች።
"ሃምሳን ልትደፍን ነው፤ ወገብህ ያምሃል፤
ጡረታህ ደጅ ቆሞ፣ ልግባ ወይ ይልሃል፤
ወይንስ ለማን ነው? ማን ይገዛልሃል?"
ቢላውን አነሣች። ሽንኩርቷን ጨረሰች።
"ጉድጓዱስ ስንት ነው? ስንት ይበቃሃል?"

ከደጋን በላይ ናት፣ ካባቴ የደረሰችኝ ተዳፋት፤
ጤፍ የናቃት፣ ማሽላ የሸሻት፣
ፍየል እንኳ ሳይቆም የሚያልፋት።
አንድ መቶ አርባ ጉድጓድ። ዶማው ጭንጫ ሲነካ
ክንዴ ሥራውን ያውቃል፤
ያ ሁሉ ዓመት ማኅተም፣ ልምምድ ነበር ለካ!

አያ ይማም ሰኞ ሰኞ፣ ባቲ ገበያ ሲወርድ፣
አህያውን አቁሞ፣ እሱም ቆሞ ሲፈርድ፦
"እንጨት አቆምክ፣ ሽቦ ዘረጋህ፣
ስልክ ልታስገባ ነው? ማንን ልትጣራ አስበህ?"
እሱ ሲስቅ እኔም ስስቅ፤
ማንን እንደምጠራ፣ እውነት ለመናገር፣ እኔም አላውቅ።

በሁለተኛው ዓመት
ሐረጉ ሽቦውን ሞልቶ፣ ልቤም አብሮ ሲያብጥ፣
ስንዱ ከግብርና ጽሕፈት ቤት መጣች፣ መቀስ ይዛ፤
"ይህን ሁሉ ቁረጥ።"
"ሁሉን?"
"ሁሉን። በየቅርንጫፉ ሁለት ዓይን ብቻ ተው።
ፍሬ የሚይዘው አዲሱ ቀንበጥ ነው፤
ቀንበጡ የሚፈልቀው ካሮጌው ግንድ ነው።"
ስለ ወይን ነበር የምትነግረኝ።
እኔ ሽበቴን ዳሰስኩ።
መቀሱ ሲያልፍበት የተቆረጠው ጫፍ ውሃ አነባ፤
ያን ሌሊት እንቅልፍ ዐይኔ አልገባ።

በሦስተኛው፣
ወፍ ቀድሞኝ ለቀመ፤ ዝንጀሮ ደገመ።
የተረፈኝ ዘለላ ዐሥራ አንድ። ባንድ ሰፌድ አለቀ።
አያ ይማም ቀመሰ። ፍሬውን እንትፍ አለ።
ዝም አለ።
ሌላ አንድ ቆርጦ ወሰደ፣ አህያውን ነዳ፤
ከታች ከመታጠፊያው ዞሮ፦
"አብሽር!" አለ፣ "ለከርሞ ስልኩ ይሠራል።"

ወፍ የነካካውን ስለቅም ውዬ፣ ሲመሽ ቤት ስገባ፣
ሰዓዳ እጄን ያዘች፣ ወደ አምፖሉ አቀረበች፤
አውራ ጣቴን አየች፤
ሐምራዊ።
"ቢሮ ተመለስክ እንዴ?" አለች።